ከእትዬ ብርቄ ትከሻ ላይ የመረጥኩት የሰርግ ቀለም

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ማዳም ሂቦ አሥራ አንድ ጣቃ ጨርቅ ፊቴ ደርድራ «ነጩን ለይተሽ አምጪ» አለችኝ። አሥራ አንዱም ነጭ ነበሩ። የምትቀልድብኝ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ጊዜው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር 1998 ነው፤ ቦታው ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 1 የሚባለው ሰፈር፣ የማዳም ሂቦ የሰርግ ማስጌጫ ሱቅ። ከሱቁ ጀርባ መስኮት የሌለው መጋዘን አለ። እዚያ በኒዮን መብራት ሥር ቆሜ አንዱን ጣቃ አነሳሁና «ይሄ ነው» አልኳት። ተቀብላኝ ወደ መንገዱ ወጣች። ፀሐይ ላይ ስትዘረጋው ነጭ ያልኩት ጨርቅ ሰማያዊ ሆኖ ቁጭ አለ። ሁለተኛውን ባመጣ ወደ ቢጫ፣ ሦስተኛውን ባመጣ ወደ ሮዝ አደላ።

«አቦ፣ ሰርግ መጋዘን ውስጥ ነው እንዴ የሚደገሰው?» አለችኝ።

ሂቦ ድሬዳዋ ያደገች ሶማሌ ናት። አማርኛዋ የድሬ ነው፤ ፈረንሳይኛን ለሒሳብ፣ ሶማሊኛን ለቁጣ ትጠቀምበታለች። አንቱ ሲሏት አርጅተሻል የተባለች ስለሚመስላት ሁላችንም አንቺ ነበር የምንላት። ያን ቀን አሥራ አንዱንም ጣቃ ፀሐይ ላይ ሳወጣና ሳስገባ ዋልኩ። ቤቴ ስገባ ክንዴ አልታዘዝ ቢለኝም ነጭ የሚባለው አንድ ቀለም አለመሆኑ ገብቶኝ ነበር።

ሱቁ ማዕረግ ነበረው። መጀመሪያ አጣፊ ነሽ፤ የተከራየው መጋረጃና የጠረጴዛ ልብስ ሲመለስ ታጥቢያለሽ፣ ትተኩሻለሽ፣ ታጥፊያለሽ። ቀጥሎ መሰላል ትወጫለሽ፤ የድንኳኑን ጣሪያና ግድግዳ በጨርቅ ትወጥሪያለሽ፣ በስፒልና በመርፌ ቁልፍ ታያይዢያለሽ። ሦስተኛውና ትልቁ ማዕረግ ከቤተሰብ ጋር መቀመጥ ነው። ቀለም የምትመርጠው ከቤተሰብ ጋር የምትቀመጠዋ ናት። እኔ ሁለት ዓመት አጠፍኩ፣ ሦስት ዓመት መሰላል ላይ ኖርኩ።

የቀለም መራጭ ዋና መሣሪያ ቀለበቷ ነው። የጣት ቀለበት ማለቴ አይደለም። ከእያንዳንዱ ጣቃ አራት ጣት የሚያህል ቁራጭ ይቆረጥና እየተበሳ በወፍራም ሽቦ ላይ ይሰካል። ሂቦ የራሴን ቀለበት የሰጠችኝ ዕለት ሰባ ሁለት ቁራጭ ነበረበት። ሰፈር ውስጥ ጎራዴ እንደ ታጠቀ ሰው እያንጠለጠልኩት ዞርኩ።

የመጀመሪያ ምርጫዬ ግን አዋረደኝ። ሙሽራዋ ለሚዜዎቿ ወደ ብርቱካን የሚያደላ ሮዝ ፈለገች፤ ቁራጩን በሰርጉ ሰዓት፣ ፀሐይ ላይ አይቼ አጸደቅሁ። ሂቦ እንዳስተማረችኝ አንድም አላጓደልኩም። ችግሩ ድንኳኑ ነበር። የሙሽራዋ አጎት የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆኑ ወጪ እንዲቀንስ ብለው የጭነት ሸራቸውን ጣሪያ አድርገው አለበሱት። ሸራው ሰማያዊ ነው። ፀሐይዋ በሰማያዊ ሸራ ውስጥ አልፋ ስትወርድ ስድስቱ ሚዜዎች ብርድ ያደረቃቸው መስለው ተቀመጡ፤ ያውም ጅቡቲ ውስጥ! የሙሽራው እናት ጠጋ ብለው «ልጆቹን አሟቸዋል እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ።

ሂቦ ስድስት ወር ወደ መሰላሉ መለሰችኝ። አልተከራከርኩም። ከዚያ ወዲህ ጣሪያውን ሳላይ ቀለም መርጬ አላውቅም።

አሁን የምነግራችሁ ታሪክ የሆነው በዘጠነኛ ዓመቴ ነው። ኩራት አይደለም አልልም፤ ኩራት ነው። በዚህ ሙያ ስሠራ ከመረጥኳቸው ቀለሞች ሁሉ የምኮራበት ይሄኛው ነው።

ማርታ የምትባል ልጅ ወደ ሱቁ መጣች። በአንድ የጉምሩክ አስተላላፊ ቢሮ ጸሐፊ ናት። ሰርጓ ከጥምቀት ቀጥሎ ባለው እሑድ፣ ካርቲየ 5 በእናቷ ቤት ደጅ ላይ ነው። ወንበር ስቤ ቀለበቴን ዘረጋሁላት። አንዱንም ቁራጭ አልነካችም።

«እኔ የፈለጋችሁትን አልብሱኝ» አለች። «እናቴን ግን ድንኳኑ ውስጥ አስገቡልኝ።»

አባቷ ጋሽ ታደሰ ሠላሳ ዓመት የአዲስ አበባ መንገድ ሾፌር ነበሩ። በሰኔ ታመው ሞቱ። ከመሞታቸው በፊት ለሙሽራው ሽማግሌዎች ልጃቸውን ሲሰጡ ቀኑን ራሳቸው ቆርጠዋል። እናቷ እትዬ ብርቄ ደግሞ የባላቸው ሙት ዓመት እስኪወጣ ጥቁር ልብሳቸውን ላያወልቁ ምለዋል። ሰርጉ እንዳይተላለፍ የሟች ቃል አለ፤ ልብሱ እንዳይወልቅ መሐላ አለ። ጎረቤት ሽማግሌ ልኮባቸው ነበር፤ ሽማግሌዎቹ በልተው ጠጥተው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

«እናትሽ ምንድነው የሚሉት?» ብዬ ጠየቅኋት።

«በሰኔ በዚህ በር ላይ ድንኳን ተተክሎ ጥቁር ለብሼ ተቀመጥኩ። በጥርም በዚሁ በር ድንኳን ተተክሎ ጥቁር ለብሼ ብቀመጥ፣ ልጄ ሰርግ ሳይሆን ለቅሶ ነው የምታየው። እኔ ጓዳ ሆኜ ወጡን አወጣለሁ፣ ትላለች።» ማርታ ዓይኗን ጠረገች። «እሷ ከወንበሯ ከሌለች እኔም ከቤት አልወጣም። የአባቴ ወንበር ባዶ ነው፤ የእሷም ባዶ ሆኖ አላገባም።»

ሂቦ ከመደርደሪያው ጀርባ ሰምታለች። ልጅቷ ስትወጣ መጣችና «ዘንድሮ ሁሉም ቱርኳዝና ብርማ ነው» አለችኝ። «ስምንት ጣቃ ቱርኳዝ አለን። ቱርኳዝ አልብሻቸው፤ እናትየዋን ዘመዶቿ ያግባቧት። እኛ የጨርቅ ሰዎች እንጂ ሽማግሌ አይደለንም፣ ዋላሂ።»

«በዚያ ባሕር በመሰለ ቱርኳዝ መሃል ጥቁር የለበሰች ሴት ብትገባ፣ ወተት ውስጥ የወደቀች ዝንብ ነው የምትመስለው» አልኳት።

«እና ምን ልታደርጊ ነው?»

«አላውቅም።» እውነቴን ነበር።

በማግስቱ በታክሲ ፔካ ዱዝ ሄድኩ። ከከተማው ጫፍ ላይ ያለው የከባድ መኪኖች ማቆሚያ ነው። እትዬ ብርቄ እዚያ ለሾፌሮች ምግብ ቤት አላቸው፤ አራት ጠረጴዛ፣ በጆንያ የተጋረደ ዳስ። እኩለ ቀን ነበር። ሾፌሮቹ ገበታ ላይ ናቸው፤ እሳቸው ከምድጃው ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ወደ ምድጃ ይመላለሳሉ። በመሃል ደግሞ ሒሳቡን ሳይከፍል የሚነሳውን በዓይናቸው ይጠብቃሉ።

«ማርታ ናት የላከችሽ» አሉኝ ገና ሳልናገር። «ልጄ፣ ድካምሽ ነው። እንጀራ ብይና ሂጂ።»

በላሁ። እየበላሁ ሳያቸው ከዳሱ ወጥተው ፀሐይ ላይ ቆሙ። ያኔ ነው ያየሁት። ልብሳቸው ጥቁር አልነበረም።

በሰኔ ጥቁር ነበረ። ከስድስት ወር በላይ ያንኑ የጥጥ ቀሚስ ማታ እያጠቡ፣ ጠዋት እየለበሱ፣ በዚያ ፀሐይ ላይ ቆመውበታል። ከብብቱና ከመቀነቱ ሥር ዛሬም ጥቁር ነው። ትከሻው፣ ደረቱና ጀርባው ግን ወይቦ ሌላ ቀለም ሆኗል። ቡና እንዳልለው ቀላ ይላል፤ ቀይ እንዳልለው ይጠቁራል። ከፊቴ ያለው ሾፌር ከወረቀት ላይ የደረቀ ተምር እያነሳ ይበላ ነበር። ተምሩን አየሁ፣ ትከሻቸውን አየሁ። ያው ናቸው።

ተነሳሁና «አቧራ ይዞዎታል» ብዬ ትከሻቸውን እያራገፍኩ ቀለበቴን አስጠጋሁት። ቡናማው አልሆነም። ቦርዶው አልሆነም። ከዘጠና ቁራጭ አንዱም አልሆነም።

«ስንት አቧራ ነው ያለብኝ?» አሉኝ።

አንዲት ተምር በእጄ ይዤ ዞሬ፣ ቀለሙን ከካርቲየ 1 የጨርቅ ነጋዴዎች ሁሉ አንድ ሽማግሌ የመናዊ ዘንድ ነው ያገኘሁት። ከታች፣ ከሁሉም ጣቃ ሥር ተጨፍልቆ ተኝቶ ነበር። ሦስት ዓመት ማንም አልገዛውም። ሽማግሌው አቧራውን እያራገፉ «ይሄን ለምን ትፈልጊዋለሽ?» አሉኝ። ለሰርግ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ከዋጋው ላይ ሳልጠይቅ ቀነሱልኝ።

ሂቦ ጨርቁን ስታይ በሶማሊኛ የማልጽፈውን ተናገረች። ከዚያ በአማርኛ «ይሄ ሰርግ ላይ? ሰው ምን ይላል?» አለች።

«ለብቻው እኮ አይደለም። የሚዜዎቹ ቀሚስና የጠረጴዛው ልብስ ተምር ይሆናል። ግድግዳው ክሬም። የወንበሮቹ መቀነት ፈዘዝ ያለ ወርቅማ። ጣሪያው ነጭ ሸራ ነው፤ ሄጄ አይቼዋለሁ።»

«ካላማረስ?»

«መሰላሉን አውቀዋለሁ» አልኳት።

ለማርታ ነገርኳት። አቀፈችኝና አለቀሰች። ከዚያ ሁለታችን ተማክረን፣ እስከ ዛሬ የማፍርበትን ነገር ወሰንን፤ ለእናቷ ላንነግራቸው። ቀለሙ ከሳቸው ልብስ እንደተወሰደ ካወቁ እምቢ ይላሉ ብለን ፈራን። ማርታ «ጥቁርሽ የማይታይበት ቀለም ተገኝቷል፤ እንዳለሽ ሆነሽ ግቢ፤ ካላማረሽ ትወጫለሽ» ብቻ አለቻቸው። እሳቸውም ከብዙ ልመና በኋላ «እስቲ በዕለቱ አየዋለሁ» አሉ።

እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ካርቲየ 5 ደረስኩ። ሙሽራው አጅቦ የሚመጣው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ግድግዳውን ከዋዜማው ወጥረን አድረናል። አምስቱን የሚዜ ቀሚስ በላስቲክ ሸፍኜ ይዣለሁ። ማርታ ፀጉር ቤት ሄዳለች። ቀሚሶቹን የማስቀምጥበት ፍለጋ ወደ ጓሮ ዞርኩ። ሽቦ ላይ አንድ ቀሚስ ተሰጥቶ ይንጠባጠባል። የሚንጠባጠበው ጥቁር ነው።

እትዬ ብርቄ በቤት ልብስ፣ ነጠላ ተከናንበው ወጡ። ጣቶቻቸው እስከ አንጓቸው ጠቁረዋል።

«ምን አደረጉት?» አልኳቸው።

«ማታ ቀለም ነከርኩት» አሉ። «ግቢ፣ ግቢ አላችሁኝ። ልጄን ስድር የነተበ ለብሼ እንግዳ ፊት ልቀርብ? ታደሰ እንኳ ቢያየኝ አያፍርም?»

ተቀመጥኩ። መሬት ላይ ነው የተቀመጥኩት። ከዚህች ሴት ውስጥ ይሄን አለማየቴ ገረመኝ። የትኛዋ ያገራችን እናት ናት በልጇ ሰርግ ዕለት የነተበ ልብስ የምትለብሰው? ጨርቅ ማንበብ እችላለሁ ብዬ የምኩራራ ሰው የጨርቁን ባለቤት አላነበብኩም።

ሌላ መንገድ አልነበረኝም፤ ላስቲኩን ገልጬ አንዱን ቀሚስ ሰጠኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የፔካ ዱዙን አቧራ፣ የየመናዊውን ጣቃ፣ የልጃቸውን እንባ። ጨርቁን በጠቆሩት ጣቶቻቸው ላለመንካት በነጠላቸው ጫፍ ያዙት። ፀሐይ ላይ አወጡት።

«ይሄ የኔ ልብስ ነው» አሉ።

«ነበር» አልኳቸው።

«አምስቱም ይሄን ሊለብሱ?»

«አምስቱም። ጠረጴዛውም።»

ዓይናቸው ሞላ፤ ግን አልፈሰሰም። «ለምን አልነገራችሁኝም?» አሉ።

ከዚያ የማውቀውን አንድ ነገር ተናገርኩ። ዣቬል፣ አዲስ አበቤ በረኪና የሚለው፣ የጥጥ ጥቁርን ደረጃ በደረጃ ያወርደዋል። መጀመሪያ ቡና፣ ቀጥሎ ተምር፣ ቀጥሎ ዝገት፣ ከዚያ ብርቱካን ይሆናል። ተምሩ ላይ ካልተያዘ አይመለስም። «ከተበላሸ የሚለብሱት የለም» አልኳቸው። «እንደ ምርጫዎ ነው። ጥቁሩን እንዳለ ቢለብሱትም እኔ ከጎንዎ እቆማለሁ።»

«ጥቁሩን እንዳለማ ለብሼ አልገባም» አሉ። «ፀሐይ ሲያወይበው ዝም ብዬ ነበር። አንቺ ብታወይቢው ምን ይለኛል? ሥሪ።»

ሦስት ሳፋ አስመጣሁ። በመጀመሪያው አሥር ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ፣ በሻይ ብርጭቆ አንድ ተኩል ዣቬል። በሁለቱ ንጹሕ ውኃ ብቻ። ከቀሚሱ ጠርዝ ውስጥ ከታጠፈው ጣት የምታህል ቆርጬ ነከርኩና በሰዓቴ ያዝኩ። በአራተኛው ደቂቃ ቀላ፣ በስድስተኛው ተምር ሆነ፣ በሰባተኛው አለፈ። ቁራጩ ብርቱካን ሆኖ ሲቀር እትዬ ብርቄ አዩት።

ቀሚሱን ዘፈቅሁት። እጥፋት እንዳይዝ ሳላቋርጥ በሁለት እጄ አገላበጥኩ። ከሽታው የተነሳ ዓይኔ አነባ። እርጥብ ጨርቅ ከደረቀው ይጠቁራል፤ ስለዚህ ተምር እስኪመስል ብጠብቅ ሲደርቅ ዝገት ይሆናል። ጥቁር ቡና ሲመስል፣ ገና አምስት ደቂቃ ሳይሞላ፣ አወጣሁት። ሁለተኛው ሳፋ፣ ሦስተኛው ሳፋ፣ ከዚያ ቧንቧ ሥር። እጄ ተላጦ ነበር፤ ያየሁት በማግስቱ ነው።

ሽቦ ላይ ሰጣነው። ጨርቅ ሲደርቅ መጠበቅ ምጥ ነው። ለአንድ ሰዓት ያህል ጥቁር ቡና ሆኖ ቆየብን። «አልለቀቀም» አሉ። «ይለቃል» አልኳቸው፤ እርግጠኛ ሳልሆን። የጥር ንፋስ ከባሕር መጣ። መጀመሪያ ጠርዙ፣ ቀጥሎ እጅጌው፣ በኋላ ትከሻው ቀለሙን አወጣ። የሚዜዋን ቀሚስ ጎኑ ሰቀልኩት። የእትዬ ብርቄ በግማሽ እርከን ይጠቁራል። ከዚያ በኋላ ለስንት ቤተሰብ «የእናት ልብስ ከሚዜ ልብስ በግማሽ እርከን መጥቆር አለበት» እያልኩ እንደ ጥንት ሕግ ተናግሬያለሁ። ሕጉ የወጣው ያን ቀን በሳፋ ውስጥ ነው።

ከስምንት ሰዓት በፊት እትዬ ብርቄ ለብሰው ከጓዳ በር ላይ ቆሙ። ማርታ በነጭ ቬሎዋ መጥታ እጃቸውን ያዘች። ድንኳኑን አዩ፤ ክሬሙን ግድግዳ፣ ተምር የለበሱትን ጠረጴዛዎች፣ አምስቱን ሚዜዎች። አንድ እርምጃ ሄዱና ቆሙ። ከዚያ እትዬ ብርቄ እስከ ወንበራቸው ድረስ ሳይቆሙ ሄደው ተቀመጡ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። እኔ መርፌ ቁልፍ አፌ ውስጥ ስለነበረ እልል ማለት አልቻልኩም።

እንግዳው መግባት ጀመረ። ማንም ሐዘንተኛ አላየም። ያዩት ከሰርጉ ጋር የተስማማች የሙሽራ እናት ነው። የፈራነው የሟች እህት ወይዘሮ ፋንታዬን ነበር። ከድሬዳዋ ለሰርጉ መጥተዋል፤ መሐላው ሲማል አጠገብ ነበሩ። ከሩቅ አይተው ፊታቸው ተለወጠና ቀጥ ብለው መጡ።

«ብርቄ፣ ሐዘኑን አወለቅሽ?» አሉ።

እትዬ ብርቄ ከወንበራቸው አልተነሱም። «አላወለቅሁም» አሉ። «ያው ነው ልብሴ፤ ዳሺው። እኔ አላወለቅሁም፤ እነሱ ለበሱልኝ።»

ወይዘሮ ፋንታዬ እጅጌውን ዳሰሱ። ከዚያ ቀና ብለው ሚዜዎቹን አንድ በአንድ አዩ፣ ጠረጴዛዎቹን አዩ። ከእትዬ ብርቄ ጎን፣ በጋሽ ታደሰ ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ያኔ ነው እትዬ ብርቄ ያለቀሱት። ያኔ ነው እኔም ከድንኳኑ ጀርባ ሄጄ ያለቀስኩት።

ማክሰኞ ሱቅ ስገባ ሂቦ «ቀለሙን ማን መረጠው ብለው ሦስት ሰው ጠየቁኝ» አለች።

«ምን አልሻቸው?»

«እኔ ነኝ አልኩ፤ ሱቁ የማን ሆነና!» አለች። የዚያን ሳምንት ግን ስምንቱን የቱርኳዝ ጣቃ ወደ መጋዘን አስገባችና የሚገዛውን ጨርቅ ከሷ ጋር ሄጄ እንድመርጥ አደረገችኝ።

ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ሠራሁ። የወደብ የደንብ ልብሱን ካላወለቀ አባት ሰማያዊ ወስጃለሁ። ወይባ ከለበሱ መነኩሴ አክስት ቢጫ ወስጃለሁ፤ ያ ሰርግ ሆዳን ሰፈር ውስጥ እስከ ዛሬ ይወራል። በፈረንጅ 2017 ጉልበቴ መሰላል እምቢ ሲለኝ ቀለበቴን አስረክቤ ወጣሁ።

በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ የምለው ይህ ነው። ቀለም ስትመርጡ ከሙሽራዋ አትጀምሩ፤ እሷ የፈለገችውን መልበስ ትችላለች። ልብሱን መቀየር ከማይችለው ሰው ጀምሩ። ቀለሙን ከሱ ከወሰዳችሁ ደግሞ ከሱ እንደወሰዳችሁ ቀድማችሁ ንገሩት።